አሥራ ሦስት ወር፣ አራት ኮምፓይለር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018

«ዘመን» የምላትን ትንሽ ላይብረሪዬን (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የተዘጋጀ ኮድ) ከነካኋት ዓመት አልፏል። ሥራዋ ቀላል ነው፦ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ፣ የእኛን ወደ ፈረንጁ ትመልሳለች፤ የአሥራ ሦስቱን ወራት ስም ታወጣለች፤ ያዘዛት ካለም ዓመቱን በግእዝ ቁጥር ፳፻፲፰ ብላ ትጽፋለች። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈች፣ ሁለት ሺህ መስመር የማትሞላ ነገር ናት።

ዛሬ የከፈትኳት ወድጄ አይደለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው «እምቢ አለኝ» ብሎ ጻፈልኝ። አንዱ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው፣ አዲስ ማክ ገዝቶ። ሁለተኛው ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ ነው፣ በዊንዶውስና በቪዥዋል ስቱዲዮ 2022 የሚሠራ። ሦስተኛው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰርቨራቸው ሴንትኦኤስ 7 የሚባል አሮጌ ሊኑክስ፣ በላዩ ያለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ጂሲሲ 4.8.5። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ከተቋረጠ (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ነበር) ከዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ሰርቨሩ ይሠራል፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ ማን ይነካል። እኔ ጋ ያለው ኡቡንቱ 24.04 ነው፣ ጂሲሲ 13። እኔ ጋ ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።

ላልለመደው ባጭሩ፦ ኮምፓይለሩ ኮዱን ከማንበቡ በፊት ፕሪፕሮሰሰር የሚባለው ያበጥረዋል። #ኢፍ ያለበትን ቦታ አይቶ ይሄን ያሳልፋል፣ ያንን ይጥላል። የተጣለውን ኮምፓይለሩ ከነመኖሩም አያውቅም። አንዱን ኮድ በአዲስም በአሮጌም ኮምፓይለር ለማስኬድ የሚያገለግለው ዘዴ ይሄ ነው። (ማክሮ ማለት ፕሪፕሮሰሰሩ በዋጋው የሚተካው ስም ነው። የማክሮዎቹን ስም እዚህ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው፤ ግራና ቀኛቸው ላይ ያለውን የግርጌ ሰረዝ እናንተ ጨምሩበት።)

ግሬፕ በሚባለው መፈለጊያ ቆጠርኩ። 43 #ኢፍ፣ በ11 ፋይል ተበትኖ። አንዱ «ጂሲሲ ከ5 ካነሰ» ይላል፣ ሌላው «ከ7 ከበለጠ»፣ ሌላው ደግሞ የቋንቋውን ደንብ ዓመተ ምሕረት ይጠይቃል። አንድ ቦታ ላይ «ይሄ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ አትንኩት» የሚል ኮሜንት አለ። ጸሐፊው እኔው ነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

በማኩ ጀመርኩ። ልጁ ስህተቱን ገልብጦ ልኮልኛል፦ «ሜክ-ዩኒክ የሚለው ጥሪ አሻሚ ነው»።

ሜክ-ዩኒክ አዲስ ዕቃ ፈጥሮ ለአንድ ባለቤት የሚያስረክብ ፈንክሽን ነው፤ በሲ ፕላስ ፕላስ 14 (የቋንቋው የ2014 ደንብ) የመጣ፤ ጂሲሲ 4.8 የለውም። ስለዚህ ድሮ «የጂኤንዩሲ (የጂሲሲን ስሪት የሚናገረው ማክሮ) ቁጥር ከ5 ካነሰ የራሴን ሜክ-ዩኒክ ጨምር» ብዬ ነበር። የጨመርኩትም፣ ነውሩን ልናገርና፣ ኤስቲዲ የሚባለው የመደበኛው ላይብረሪ ግቢ ውስጥ ገብቼ ነው። ይሄ በደንቡ ክልክል ነው፤ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር።

ግን የማኩ ኮምፓይለር እኮ አዲስ ነው፣ ለምን ወደ አሮጌው ቅርንጫፍ ሄደ? ክላንግ የሚባል ሌላ ኮምፓይለር ስለሆነ። ክላንግ የጂኤንዩሲን ማክሮ ሲጠየቅ «ጂሲሲ 4.2.1 ነኝ» ብሎ ይመልሳል፣ ዛሬም ድረስ። 4.2.1 የ2007 ጂሲሲ ነው። የሚዋሸው ለክፋት አይደለም፤ በዓለም ላይ ያለው ኮድ ግማሹ «ጂሲሲ ካልሆንክ አላሳልፍም» የሚል በር ስላለው፣ ለመግባት ያህል የጂሲሲን መታወቂያ ይዞ ይዞራል። የኔ #ኢፍ መታወቂያውን አየና «ሽማግሌ ነህ» ብሎ ምርኩዝ ሰጠው። ምርኩዙ ከራሱ እግር ጋር ተጠላለፈ።

«እሺ፣ የክላንግን የራሱን ቁጥር ልጠይቅ» ብዬ አሰብኩና ተውኩት። የአፕል ክላንግና የሌላው ዓለም ክላንግ የቁጥር አወጣጣቸው አንድ አይደለም፤ ሁለቱም ክላንግ 15 ነኝ ቢሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም።

መፍትሔው ሜክ-ዩኒክን ወደ ራሴ ግቢ ማምጣት ሆነ፦ በ«ዘመን» ስም ሥር አስቀመጥኩት፣ ኮዱ ሁሉ እሱን ብቻ ይጠራል። አራት መስመር ነው። #ኢፉ ጠፋ። 42 ቀረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሥራ መልስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። የሴንትኦኤስ 7 ኮንቴይነር (በማሽኔ ውስጥ ተለይቶ የሚሠራ ትንሽ ሲስተም) በዶከር አስነሣሁ። ኮምፓይለር ለመጫን ዩም የሚባለውን ጫኚ ሳዝዘው የድሮዎቹ አድራሻዎች የሉም፤ ወደ ማኅደሩ፣ ቮልት ወደሚባለው፣ አዞርኩት። ኔትዎርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በመጨረሻ ጂሲሲ 4.8.5 ፊቴ ቆመ።

ዕቅዴ ግልጽ ነበር፦ ከእንግዲህ የኮምፓይለሩን ዕድሜ አልጠይቅም፣ የሚችለውን እጠይቀዋለሁ። «ኦፕሽናል» የሚባል ሄደር አለህ ወይ? (ሄደር ወደ ኮዱ የሚገባ ፋይል ነው፤ ኦፕሽናል ደግሞ መልስ ሊኖረውም ላይኖረውም የሚችል ዓይነት።) ካለህ እጠቀማለሁ፣ ከሌለህ የራሴ አለኝ። ለዚህ ሃዝ-ኢንክሉድ የሚባል መጠየቂያ አለ። ግን ሃዝ-ኢንክሉድ ራሱ በጂሲሲ የገባው በ5 ነው፣ ስለዚህ አስቀድሜ እሱ መኖሩን ልጠይቅ ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦

#ኢፍ ዲፋይንድ(ሃዝ_ኢንክሉድ) && ሃዝ_ኢንክሉድ(<ኦፕሽናል>)

ጨዋ መስመር ይመስላል። «ካለህና፣ ካለህ ደግሞ…»። 4.8.5 ግን ገና ሳይጀምር ቆመ፦ ከቅንፉ በፊት የስሌት ምልክት ጎድሏል አለኝ።

የት ነው የጎደለው? መስመሩን አሥር ጊዜ አየሁት። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ከዚያ ነው የገባኝ። ፕሪፕሮሰሰሩ የማያውቀውን ስም ሁሉ 0 አድርጎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ለ4.8.5 ያ መስመር እንዲህ ሆኖ ነው የሚታየው፦

#ኢፍ 0 && 0(<ኦፕሽናል>)

ግራው 0 ስለሆነ ቀኙን ማስላት አይጠበቅበትም፤ ልክ ነው። ማስላት አይጠበቅበትም እንጂ ማንበብ ግን ይጠበቅበታል። «0 ቅንፍ ክፈት» ደግሞ በየትኛውም ሰዋስው ዓረፍተ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄ በአንድ መስመር ማቆራኘት አይቻልም፤ አንዱ ሌላው ሆድ ውስጥ መግባት አለበት፦

#ኢፍዴፍ ሃዝ_ኢንክሉድ
#  ኢፍ ሃዝ_ኢንክሉድ(<ኦፕሽናል>)
#    ኢንክሉድ <ኦፕሽናል>
#  ኤንድኢፍ
#ኤንድኢፍ

አሁን የላይኛው በር ሲዘጋ ፕሪፕሮሰሰሩ ውስጡን ሙሉውን ይዘልለዋል፤ #ኢፍና #ኤንድኢፍ መቁጠሩን ብቻ ይቀጥላል፣ መሃሉ ያለውን ጥያቄ ለመረዳት አይሞክርም። አለፈ። ኢንተርኔት ላይ የመጀመሪያውን፣ የተሳሳተውን መስመር ስንት ቦታ እንዳየሁት። ሁሉም በአዲስ ኮምፓይለር ብቻ የሞከሩት ነው።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አሁን ደግሞ የገዛ ማሽኔ አመጸ። ላይብረሪዋ የምትገነባው በሲ ፕላስ ፕላስ 14 ስልት ነው፤ ጂሲሲ 13ን «በ14 ደንብ አንብብ» ብዬ አዝዤዋለሁ። ሃዝ-ኢንክሉድ «ኦፕሽናል አለ» አለ። ሄደሩም ያለ ምንም ቅሬታ ገባ። ቀጥሎ ግን «ኤስቲዲ ውስጥ ኦፕሽናል የሚባል የለም»።

ሄደሩን ከፍቼ አየሁት። ከላይ እስከ ታች በአንድ ትልቅ #ኢፍ የታጠረ ነው፦ ደንቡ ሲ ፕላስ ፕላስ 17 ካልሆነ ባዶ። ቤቱ አለ፣ በሩም ይከፈታል፣ ሰው የለበትም። ሃዝ-ኢንክሉድ የሚያየው ፋይሉ ዲስክ ላይ መኖሩን ብቻ ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ ሲፒፒ-ሊብ-ኦፕሽናል የሚባለው ማክሮ ነው፤ ሄደሩን ካስገቡ በኋላ ይጠየቃል፣ ነገሩ በእርግጥ ካለ ብቻ፣ በ17 ደንብ 201606 ብሎ ይመልሳል። ቁጥሩ ቀን ነው፦ 2016፣ ስድስተኛ ወር፣ በፈረንጅ። ለቀን መቁጠሪያ ጸሐፊ ይሄ ትንሽ ደስ ይላል። ስለዚህ ሰልፉ ሦስት ሆነ፦ መጠየቂያው አለ? ፋይሉ አለ? ነገሩ ራሱ አለ?

ዛሬ ሌላም አለ። ወደ ኮንቴይነሩ ተመልሼ ገነባሁ፣ በ4.8.5 ሙሉ በሙሉ አለፈ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ እንኳ የለም። ፈተናዎቹን ሳስኬድ ግን ቀን የሚያነበው ክፍል ገና በመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። ሬጀክስ (በጽሑፍ ውስጥ የተወሰነ ቅርጽ የሚፈልግ መሣሪያ) ነው የምጠቀመው። የጂሲሲ 4.8 የሬጀክስ ሄደር አለ፣ ይገባል፣ ይገነባል፣ ግን ውስጡ ገና አልተሠራም ነበር፤ በትክክል የሠራው 4.9 ላይ ነው። ይሄ ከባዶው ቤት ይብሳል፤ ሰው አለ ብሎ ያስገባህና ሲመሽ ያስወጣሃል።

እዚህ ላይ «ምን ትችላለህ» የሚለው ጥያቄዬ ዋጋ የለውም፤ እችላለሁ ባዩ ራሱ እንደማይችል አያውቅም። ዕድሜ መጠየቅ የግድ ሊሆን ነው ብዬ ጀመርኩና ግን ማንበብ የምፈልገውን ነገር አየሁት፦ ቀን፣ ሰረዝ፣ ወር፣ ሰረዝ፣ ዓመት። ለዚህ ሬጀክስ ምን አስፈለገኝ? ሠላሳ መስመር በእጄ ጻፍኩና ሬጀክሱን አውጥቼ ጣልኩት። ከእሱ ጋር አራት #ኢፍ ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ሰፈሩ ቆሻሻውን አውጥቶ እያጠነ ነው፤ ጭሱ በመስኮት ይገባል፣ ላፕቶፑም እኔም እያሳልን ነው። አልሠራሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደ እብድ ሆንኩ። ተጽፎ ይቀመጥ።

ፈተናው የዛሬውን ቀን ይጠይቃል። ኖቬምበር 22 ቀን 2025 ሲሰጣት «ዘመን» ዓመት 2018፣ ወር 3፣ ቀን 13 ማለት አለባት። ያለችው፦ ዓመት 1፣ ወር 2018፣ ቀን 3።

ያለ ስህተት ተገንብቷል። ያለ ስህተት ተገናኝቷል። ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ በርተዋል፣ አንድም የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የራሴን ሒሳብ ነው፤ የጳጉሜን ስሌት እንደ አዲስ በወረቀት ሠራሁት። ልክ ነው። ዲበገር ውስጥ ገብቼ ሳይ ላይብረሪዋ ከመመለሷ በፊት መልሱ 2018፣ 3፣ 13 ነው። ደዋዩ ጋ ሲደርስ 1፣ 2018፣ 3። በመንገድ ላይ አንድ እርምጃ ተገፍቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕዝብ ሄደሯ ላይ፣ ማለትም ተጠቃሚው በሚያስገባው ፋይል ላይ፣ ሐሙስ የሠራሁትን ያንኑ ሰልፍ አስገብቼ ነበር፦ ኦፕሽናል ካለ የምትመልሰው ኦፕሽናል ነው፣ ከሌለ የራሴ ዓይነት። ላይብረሪዋን የገነባሁት በ14 ደንብ ነው፣ ስለዚህ የራሴን ዓይነት መለሰች። ፈተናውን የገነባሁት በ17 ደንብ ነው፣ ስለዚህ ኦፕሽናል ጠበቀ። ሁለቱም 16 ባይት ናቸው። አራት አራት ባይት ያላቸው አራት መሳቢያዎች አድርጋችሁ አስቧቸው። የኔው ዓይነት መጀመሪያ «መልስ አለ» የሚለውን ምልክት ያስቀምጣል፣ ከዚያ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፦ 1፣ 2018፣ 3፣ 13። የጂሲሲው ኦፕሽናል ግን ዕቃውን ነው የሚያስቀድመው፤ ምልክቱ መጨረሻው መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የኔን «አለ» ዓመት አድርጎ አነበበው፣ ዓመቴን ወር አደረገው፣ የኔን ወር ቀን አደረገው። የቀረው 13 ደግሞ 0 ስላልሆነ «አዎ፣ መልስ አለ» ብሎ አሳለፈው።

ሊንከሩስ፣ የተገነቡትን ክፍሎች የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ እንዴት አላየውም? ሊኑክስ ላይ ተራ ፈንክሽን ለሊንከሩ ሲጻፍ ስሙ ውስጥ የሚገቡት የሚቀበላቸው ነገሮች ዓይነት ናቸው፤ የሚመልሰው ነገር ዓይነት አይገባም። ለሊንከሩ ሁለቱ አንድ ስም ናቸው፤ አጋባቸው።

የቆጨኝ፣ ማንም አልዋሸም። ዕድሜ አልጠየቅኩም፣ ችሎታ ነው የጠየቅኩት፣ ሁለቱም እውነቱን ነው የመለሱልኝ። ጥፋቱ አንዱን ጥያቄ በሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሰው መጠየቄ ነው፤ ያውም መልሱ የዕቃውን ቅርጽ በሚቀይርበት ቦታ።

የሕዝብ ሄደሯን አጸዳሁ። አሁን «ዘመን» ሁልጊዜ የራሷን ዓይነት ነው የምትመልሰው፣ ኮምፓይለሩ አዲስ ይሁን አሮጌ። ኦፕሽናል ያለው ተጠቃሚ ከፈለገ እዚያው እሱ ጋ የምትገነባ አንዲት መቀየሪያ ፈንክሽን ትወጣለታለች፤ እሷ መሳቢያ አትቀይርም፣ መሳቢያ ከፍታ ትገለብጣለች እንጂ። ኮዱ ትንሽ አስቀያሚ ሆኗል። ግድ የለኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዊንዶውስ። እኔ ማሽኑ የለኝም፣ ስለዚህ ከጓደኛዬ ጋር በጽሑፍ እየተለዋወጥን ነው፤ እዚያ ገና ጠዋት ነው፣ እዚህ መሽቷል።

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ገና ሲጀምር የራሴ መልእክት ነው የወጣለት፦ «ሲ ፕላስ ፕላስ 11 ያስፈልጋል»። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ 17 ላይ ነው ያለሁት» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር የደንቡን ዘመን የሚናገረውን ማክሮ ሲጠየቅ፣ ለብቻው ፍላግ (የትእዛዝ ምልክት) ካልተሰጠው በቀር፣ 199711 ይላል፤ ለአሮጌ ኮድ ሲባል እዚያው ቆሟል። እውነቱን የሚናገረው የራሱ የሆነ ኤምኤስቪሲ-ላንግ የሚባል ሌላ ማክሮ ነው። መጀመሪያ እሱን፣ ከሌለ የተለመደውን እንዲጠይቅ አደረግኩ።

ሁለተኛው ግን የወራቱ ስም ነው። ገነባ፣ አስኬደ፣ ፎቶ ላከልኝ። መስከረም በሚለው ቦታ አናታቸው ላይ ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት፣ ማዕበል የሚመስል ምልክት፣ ኮፍያ የመሰለ ምልክት። «ይሄ መስከረም ነው ጳጉሜን?» ይለኛል።

ርዝመቱን እንዲያትመው ነገርኩት። 30።

መስከረም አምስት ፊደል ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ስልት) እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ለምሳሌ «መ» 225፣ 136፣ 152 ናት። አምስት ጊዜ ሦስት፣ 15። እሱ ጋ እጥፍ ሆኗል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር ምልክት መጀመሪያው ላይ ስለሌለ ኮምፓይለሩ በማሽኑ ነባሪ የላቲን ሰንጠረዥ አነበበው፤ ሦስቱ ባይት ሦስት የላቲን ፊደል መሰሉት። ከዚያ እኔ ጽሑፉ ፊት ዩ8 የሚል ቅጥያ ስላደረግኩ፣ ታዝዞ ሦስቱን «ፊደላት» እንደገና ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀየራቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ባይት። ስድስት ባይት የምትመዝን «መ»።

መድኃኒቱ ምንጩም ውጤቱም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚነግር ፍላግ ነው፤ ሲሜክ (ግንባታውን የሚመራው መሣሪያ) ላይ ለዚያ ኮምፓይለር ብቻ ጨመርኩት። ግን ነገ ሌላ ሰው ላይብረሪዋን በራሱ መንገድ ሊገነባ ይችላል፣ ፍላጉን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ስታቲክ አሰርት (ሲገነባ የሚፈተሽ ሁኔታ) አቆምኩ፦ ዩ8 ቅጥያ ያላት «መ» መጠኗ 4 ባይት (ሦስቱ የራሷ፣ አንዱ የመጨረሻው ባዶ) ካልሆነ አትገንባ። ሚዛን በር ላይ እንደማስቀመጥ ነው። #ኢፍ አያስፈልገውም፣ በአራቱም ኮምፓይለር ይሠራል፣ 4.8.5ን ጨምሮ።

ጓደኛዬ ቀጥሎ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ 20 ሲያዞረው እንደገና ወደቀ፦ እዚያ ዩ8 ያለው ጽሑፍ ዓይነቱ ተቀይሯል፣ ቻር8-ቲ ሆኗል፣ እንደ ድሮው በተራ ቻር ላይ አይቀመጥም። ለዚህም #ኢፍ ልጽፍ ነበር። ከዚያ አሰብኩት፦ ፍላጉና ሚዛኑ ካሉ ዩ8 ለምን ያስፈልገኛል? ከሠንጠረዡ ላይ ቅጥያውን በሙሉ አነሣሁት፤ ሚዛኗ ላይ ብቻ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የነቢያት ጾም ትላንት ገባ። ሽሮ በልቼ ተቀመጥኩ።

የማኩ ባለቤት ልጅ በራሱ ተነሣሽነት አዳዲስ ፈተናዎች ጽፎልኛል። ቆንጆ ናቸው፤ ተለዋዋጮቹን በአማርኛ ነው የሰየማቸው። ኢንት ወር፣ ኢንት ቀን። ላይብረሪዋ ስለ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ የሚነበብ ኮድ ደስ ይላል። ማክ ላይ ያልፋል፣ እኔ ጋ ያልፋል፣ ዊንዶውስም አለፈ።

4.8.5 ላይ 54 ስህተት፣ ከእነሱ የተወለዱትን ሳልቆጥር።

እያንዳንዱ «ፕሮግራሙ ውስጥ የባዘነ 341 አለ» ይላል። ከዚያ «የባዘነ 213»። ከዚያ «የባዘነ 210»። 341 በስምንት ቤት አቆጣጠር ነው፤ ወደ አሥር ቤት ሲመለስ 225፣ የእሑዷ የ«መ» መጀመሪያ ባይት፣ የ«ወ»ም መጀመሪያ። «ወር» ሁለት ፊደል፣ ስድስት ባይት፣ ስድስት ስህተት፤ «ቀን»ም እንዲሁ፤ ሁለቱ ፋይሉ ውስጥ በድምሩ ዘጠኝ ጊዜ ተጠርተዋል። አሮጌው ጂሲሲ ፊደላችንን እንደ ቃል አያየውም፣ መንገድ ላይ እንደ ተበተነ ጠጠር አንድ በአንድ እየለቀመ ይቆጥረዋል። ጂሲሲ ስምን በቀጥታ በዩቲኤፍ-8 መቀበል የጀመረው በ10 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020።

ልጁን «በላቲን መልሰው» ልለው አስቤ አፈርኩ። ፈተናውን ለብቻው ፋይል አድርጌ፣ አቅሙ ላላቸው ኮምፓይለሮች ብቻ እንዲገነባ አደረግኩት። እዚህ ዕድሜ ጠየቅኩ፤ «የአማርኛ ስም እቀበላለሁ» የሚል ማክሮ የለማ። ግን ከኅዳር 7 ተምሬያለሁ፦ መጀመሪያ «ክላንግ ነህ?» ብዬ ነው የምጠይቀው፣ አለዚያ ያ የ2007 መታወቂያ እንደገና ያሳስተኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

የቀሩትን #ኢፎች ወደ አንድ ፋይል ሰበሰብኩ። ኮምፓይለርን የሚጠይቀው ያ ፋይል ብቻ ነው፤ መልሱን በ«ዘመን» ስም ይመዘግባል፣ ሌላው ኮድ መዝገቡን ነው የሚያየው።

ስሰበስብ ሁለት የሞቱ ቅርንጫፎች አገኘሁ። አንዱ ቦታ «ዘመን_ኦፕሽናል» በሚለው ፈንታ «ዘመን_ኦፕሺናል» ብዬ ነበር። ያልታወቀ ስም 0 ነው፤ ያ ቅርንጫፍ ከተጻፈ ጀምሮ አንድም ቀን ተገንብቶ አያውቅም፣ ማንም አልተናገረም። ደብልዩ-አንዴፍ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ ሳበራ ነው የታየው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ መዝገቡ ላይ 0 ተብሎ የተጻፈን ነገር በ#ኢፍ ፈንታ በ#ኢፍዴፍ ጠይቄያለሁ። #ኢፍዴፍ የሚጠይቀው «ስሙ ተመዝግቧል?» ብሎ ነው። ተመዝግቧል፤ «የለም» ተብሎ። ስለዚህ አዎ።

ሁለቱም ጥፋት የሚመጣው ከዚያች 0 ነው። ኪዩት የሚባለው ማዕቀፍ ለዚህ ያለው ዘዴ ሁልጊዜ ያስቀኛል፣ ዛሬ ወሰድኩት፦ ያለ ነገር 1 ነው፣ የሌለ ነገር ከዜሮ በታች 1 ነው፣ 0 የሚባል መልስ የለም። መጠየቂያው ማክሮ 1ን ለመልሱ ያካፍልና ውጤቱ 1 መሆኑን ያያል። ስሙን ከተሳሳትኩ መልሱ 0 ይሆናል፣ 1 ለ0 ሲካፈል ደግሞ ፕሪፕሮሰሰሩ ጮሆ ይቆማል። ሆን ብዬ «ሽ»ን «ሺ» አድርጌ ሞከርኩት። በአራቱም ጮኸ። #ኢፍዴፍን ደግሞ ከዚያ ፋይል ውጭ ካገኘ ግንባታውን የሚያስቆም አንድ መስመር ግሬፕ ጨመርኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

43 የነበረው 7 ሆኗል፤ ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ ናቸው። የሴንትኦኤስ ኮንቴይነር፣ የኔ ኡቡንቱ፣ የልጁ ማክ፣ የጓደኛዬ ዊንዶውስ፣ አራቱም ላይ ኅዳር 13 ተመልሶ ኅዳር 13 ሆኗል። ላይብረሪዋን በ14፣ ፈተናውን በ17 የሚገነባ ድብልቅም ቋሚ ፈተና አድርጌ አስገባሁት፤ ዳግመኛ 2018ኛ ወር ማየት አልፈልግም።

ከሰባቱ አራቱ ለ4.8.5 ብቻ ሲባል ያሉ ናቸው። ጽዮን ስለሆነች እንኳን አደረስዎ ለማለት የዚያን መሥሪያ ቤት ሰርቨር ለሚጠብቁት ሰውዬ ደወልኩ፣ በዚያው ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ያቺን ሰርቨር መቼ ነው የምትቀይሯት?»

«ኧረ ልጄ፣ እሷ ከእኔ ቀድማ ጡረታ የምትወጣ መስሎህ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው «ከገና በኋላ ይላሉ። እኔ እደውልልሃለሁ» አሉኝ።

በአራቱ መስመር ላይ ይህን ኮሜንት አድርጌ ኮሚት አደረግኩ፦

// ለጂሲሲ 4.8 ብቻ። ጋሼ ሲደውሉ ይጥፋ።